ከፈንጣጣ ክትባት እስከ ዲ ኤን ኤ ክትባት፦ የጨቅላ ሕፃናት ጉዳይ

«ክትባት» የሚለው ቃል ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የመጣ አይደለም። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ሲሆን፣ ቆዳን ጭሮ የፈንጣጣ መግል ማስገባትም በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። ጎጃምን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ደጋማ ክፍሎች ወረርሽኝ ሲነሣ ከታቢዎች ከሕመምተኛ ቁስል ፈሳሽ እየወሰዱ የጤነኛውን ክንድ ይከትቡ ነበር። ይህ ዘዴ ብዙዎችን ከከባድ ሕመም አድኗል። ነገር ግን የሚሰጠው ሕያው የፈንጣጣ ቫይረስ ስለነበር አንዳንዱን ይገድል፣ በሽታውንም ወደ ሌላ መንደር ያዛምት ነበር። በሽታውን ሳያስይዙ ሰውነትን መከላከያ ማስታጠቅ እንዴት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የክትባት ታሪክ ዋና ጥያቄ ሆኖ ኖሯል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በላም ፈንጣጣ በመክተብ የመጀመሪያውን መልስ ሰጠ። በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ነባሩ ክትባት ሥር በሰደደበት በጎጃም የዘመቻው ሠራተኞች እምቢታ ገጥሟቸዋል። ሆኖም በነሐሴ 1976 የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። ለዚህ ውጤት ከሠራተኞቹ ጽናት ባልተናነሰ የክትባቱ ጠባይ አግዟል፤ ደርቆ የተዘጋጀ በመሆኑ ሙቀትን ይቋቋማል፣ ጫፉ ሁለት በሆነ መርፌም በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ ያልቃል።

በ1980 የተጀመረው የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም ግን ከዚህ የከበደ ሥራ ነበር። ቲቢን፣ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ፖሊዮንና ኩፍኝን ለመከላከል ሕፃኑ ደጋግሞ መምጣት አለበት፤ ክትባቶቹም ከመጋዘን እስከ ጤና ኬላ ድረስ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይሻሉ። በ2007 የሄፓታይተስ ቢና የሂብ፣ በ2011 የኒሞኮከስ፣ በ2013 የሮታ ቫይረስ ክትባቶች ተጨመሩ። እነዚህ ሁሉ የተዳከመ ወይም የተገደለ ተሕዋስን፣ ወይም ከተሕዋሱ የተወሰደን ክፍል የሚሰጡ የተለመዱ ክትባቶች ናቸው።

ጨቅላው ሕፃን ለእነዚህ ክትባቶች ልዩ ፈተና ነው። የመከላከል አቅሙ ገና አልጠነከረም፤ ከእናቱ የወረሳቸው ፀረ አካላትም ከበሽታ ሲጠብቁት የክትባቱን ሕያው ቫይረስ ያከሽፋሉ። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት እስከ ዘጠኝ ወር የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የእናቱ ፀረ አካል ከዘጠኝ ወር በፊት ሊመናመን ስለሚችል ሕፃኑ ያለ መከላከያ የሚቆይበት ጊዜ ይፈጠራል። ይህን ክፍተት ለመድፈን የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ቫይረሱ የበዛበት የኩፍኝ ክትባት በስድስት ወር እንዲሰጥ መክሮ ነበር። ክትባቱ ፀረ አካል ማስገኘቱ አላጠራጠረም። ነገር ግን በጊኒ ቢሳው፣ በሴኔጋልና በሄይቲ በተደረገ ክትትል፣ ይህን ክትባት ከወሰዱት ሴቶች ሕፃናት መካከል የሞቱት ቁጥር ከፍ ብሎ በመገኘቱ ምክሩ በ1992 ተሻረ። የደም ምርመራ ውጤት ብቻውን ለሕፃን ክትባት ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ መማር ይገባል።

የዲ ኤን ኤ ክትባት ሐሳብ የተነሣውም በዚሁ ዘመን ነው። በ1990 ተመራማሪዎች ፕላስሚድ የተባለ ክብ ዲ ኤን ኤ በአይጥ ጡንቻ ውስጥ ሲወጉ፣ ጡንቻው በዲ ኤን ኤው የተጻፈውን ፕሮቲን ሠራ። በ1993 ይኸው ዘዴ አይጦችን ከኢንፍሉዌንዛ እንደሚከላከል ታየ። ለሕፃናት የሰጠው ተስፋ ሦስት ነው፦ ሕያው ተሕዋስ የለውም፤ ከተለመዱት ብዙዎቹ ይልቅ ሙቀትን ይቋቋማል፤ ፕሮቲኑ የሚሠራው በሕፃኑ ሴል ውስጥ በመሆኑ የእናቱ ፀረ አካል በቀላሉ ላያከሽፈው ይችላል። በ2000 በዝንጀሮዎች ላይ የተሞከረ የኩፍኝ ዲ ኤን ኤ ክትባት ከበሽታው መከላከሉ ተስፋውን አጠነከረው።

በሌላ በኩል በ1996 የወጡ የአይጥ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በአንዱ፣ በተወለዱ በቀናት ውስጥ የወባ ዲ ኤን ኤ ክትባት የተወጉ ግልገሎች መከላከያ በማበጀት ፈንታ ፕሮቲኑን እንደ ራሳቸው ቆጥረው ተቀበሉት፤ በሌላው፣ የኢንፍሉዌንዛ ዲ ኤን ኤ የተሰጣቸው ግልገሎች መልካም መከላከያ አበጁ። በሰው ላይ ሲሞከርም መጀመሪያ ላይ የተገኘው ምላሽ ደካማ ነበር፤ ከሚወጋው ዲ ኤን ኤ ወደ ሴል የሚዘልቀው ጥቂት ነውና። በ2005 ለፈረስና ለሳልሞን ዓሣ፣ በነሐሴ 2021 ደግሞ በሕንድ ለኮቪድ ለሰው ተፈቀደ፤ ይህም ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ለጨቅላ ሕፃን የተፈቀደ የዲ ኤን ኤ ክትባት እስካሁን የለም።

ይህ ንጽጽር በምሥራቅ ጎጃም ለምትሠራ የጤና ባለሙያ ምን ይጠቅማል? በአምበር ዙሪያ፣ እስከ ቢቸናና ሞጣ ድረስ፣ ሕዝቡ ተራርቆ በየገጠሩ ሰፍሯል። የቢ ሲ ጂና የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ አንዱ ጠርሙስም ለብዙ ሕፃናት የሚሆን ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ ክትባቱ እንዳይባክን ሕፃናት እስኪበረክቱ ልትጠብቅ ትችላለች፤ በማግሥቱ እንድትመለስ የተነገራት እናት ደግሞ ላትመለስ ትችላለች። ሙቀት የሚችል፣ ለአንድ ሕፃን ብቻ የተዘጋጀ ክትባት ቢገኝ ይህን ችግር ያቃልላል። ምርምሩን በጉጉት መከታተላችንም ስለዚህ ነው።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያሉት ክትባቶች በጊዜያቸው ከተሰጡ ሕይወት እንደሚያድኑ ተረጋግጧል። ቢ ሲ ጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ እንደተወለደ፣ ቀጣዮቹ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት፣ ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ሊሰጡ ይገባል። ለአንድ ሕፃን ጠርሙስ መክፈት እንደ ብክነት ሊቆጠር አይገባም፤ ሳይከተብ የተመለሰው ሕፃን የሚከፍለው ዋጋ ከጠርሙሱ ይበልጣልና።