የበቆሎ ክምችት አያያዝና የብልሽት ምልክቶች

በቆሎ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት የእርጥበት መጠኑ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ ከደረቅ ጨው ጋር ተንጦ ጨው በጠርሙሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተጣበቀ፣ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ በመሆኑ እንደገና በሸራ ላይ ሊሰጣ ይገባል።

በሚገባ የደረቀው እህል አየር በማያስገባ ከረጢት ታስሮ፣ ከግድግዳ ርቆ በርብራብ ላይ ይቀመጣል፤ በከረጢቱ ውስጥ አየር ስለሚያጥረው ነቀዝ ያለ ኬሚካል ይሞታል።

ሻጋታ፣ የቀለም ለውጥ፣ መጥፎ ሽታና የእህል መሞቅ የብልሽት ምልክቶች ናቸው። በሻገተ በቆሎ ላይ ሊፈጠር የሚችለው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በማጠብ፣ በመቁላት ወይም በማብሰል ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ላም ብትመገበውም ወደ ወተቷ ይተላለፋል። ስለሆነም የሻገተ እህል ለምግብም ሆነ ለመኖ መዋል የለበትም።