የባሾ ደቀ መዛሙርትና የሃይኩ ትምህርት

በጃፓን አገር ሃይኩ የሚባለው ግጥም ሦስት ሐረግ ብቻ ያለው ነው፤ መዠመሪያው አምስት፥ ኹለተኛው ሰባት፥ ሦስተኛው አምስት ድምፅ ይይዛል፤ ድምሩም 17 ይኾናል። ከዓመቱ ወቅቶች አንዱን የሚያስታውስ ቃልም እንዲገባበት ልማዱ ያዛል። ይህን መቍጠር ሕፃንም ይችለዋል፤ ትምህርቱ ግን ከቍጥሩ በኋላ የሚዠምር ነው።

ይህ ግጥም አስቀድሞ ለብቻው የቆመ አልነበረም፤ ገጣሚዎች በጉባኤ ተቀምጠው አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ለሚያስከትሉት ረጅም ግጥም መክፈቻ ነበረ። በ17ኛው መቶ ዓመት፥ ዛሬ ቶክዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ፥ የግጥም መምህራን የተማሪውን ሥራ እያረሙ፥ ለመልካሙም ምልክት እየሰጡ፥ ስለ ድካማቸው ዋጋ ይቀበሉ ነበር።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1644 ዓ.ም. በኢጋ አውራጃ የተወለደው ማትሱኦ ባሾም በ1672 ወደ ኤዶ መጥቶ ኋላ በዚሁ ሥራ ይኖር ነበር። ስሙ ከተጠራና ደቀ መዛሙርቱ ከበዙ በኋላ ግን በ1680 ሥራውን ትቶ ከሱሚዳ ወንዝ ማዶ በፉካጋዋ ጎጆ ገባ። አንድ ደቀ መዝሙር በደጁ የተከለለት የሙዝ ዘመድ የኾነ ተክል ባሾ ይባላልና፥ መምህሩ በዚሁ ስም ተጠራ። ከዚያ ወዲያ ኑሮው ደቀ መዛሙርቱ በሚሰጡት ኾነ።

ስለ ምልክቱ ያለው አሳብ በ1692 ከጻፈው ደብዳቤ ይታያል። በዚያ ገጣሚዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። ታችኞቹ ሌሊትና ቀን ስለ ምልክት የሚሽቀዳደሙ ናቸው፤ ሞኞች ቢኾኑም የአራሚውን ሚስትና ልጆች ስለሚያጠግቡ፥ ክፉ ከመሥራት ይህ ይሻላቸዋል ይላል። መካከለኞቹ ባለጠጎች ናቸው፤ ግጥሙን ለመዝናኛ ስለ ያዙት ማሸነፍና መሸነፍ አያሳስባቸውም። ላይኞቹ ልባቸውን ለእውነተኛው መንገድ የሰጡ ናቸው፤ ቍጥራቸውም እጅግ ጥቂት ነው።

ያስተምር የነበረውም እንዲህ ነው። ደቀ መዝሙሩ ዶሆ እንደ ጻፈው፥ ስለ ዛፍ የሚገጥም ተማሪ የራሱን አሳብ ትቶ ከዛፉ ዘንድ እንዲማር ይመክር ነበር። ሌላው ደቀ መዝሙር ኪዮራይ ደግሞ በዓለት ጫፍ ኾኖ ጨረቃን ስለሚያይ ሰው ገጥሞ አቀረበለት። ባሾም ምን አስቦ እንደ ገጠመው ጠየቀው። ኪዮራይ በጨረቃ ሲመላለስ በዓለቱ ላይ ሌላ ገጣሚ እንዳገኘ መለሰ። መምህሩ ግን ያ ሰው ኪዮራይ ራሱ ቢኾን ግጥሙ እንደሚልቅ ነገረው። ከግጥሙ አንድ ቃል ሳይለወጥ ትርጓሜው ተለወጠ፤ ኪዮራይም የመምህሩ ትርጓሜ ከራሱ አሳብ እንደሚበልጥ አምኖ ጻፈው።

ባሾ በ1694 በኦሳካ ዐረፈ። ኋላም በ1890ዎቹ ማሳኦካ ሺኪ መክፈቻውን ከረጅሙ ግጥም ለይቶ ሃይኩ በሚለው ስም አጸናው፤ ተማሪዎቹንም እንደ ሠዓሊ ያዩትን እንዲጽፉ አስተማረ። ዛሬ በብዙ አገር ሃይኩን የሚማሩ ሰዎች 17ቱን ድምፅ በመቍጠር ይዠምራሉ፤ ባሾ እንጀራውን የተወለት ትምህርት ግን አስቀድሞ ማየትን የሚሻ ነበር።