ጀሪካኑና ሶኬቱ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ታሪክ ከአሶሳ ሲታይ

«አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪና አሶሳ ታደርሰኛለች ወይስ ነቀምቴ ላይ ታስቀረኛለች?»

ጠያቂው አጎቴ ናቸው። አሶሳ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ መኪናቸውን ለመግዛት አዲስ አበባ ሲመጡ «ኢንጂነር ነህ አይደል?» ብለው እኔን ይዘው ዞሩ። ዓይናቸው ያረፈባት አነስተኛ ኤስዩቪ ናት፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ አምስት ሰው የምትይዝ፣ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላት። ሻጩ ስለ ስክሪኗና ስለ ካሜራዋ ሲያወራ፣ እሳቸው የሚመልሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እሱስ ይሁን። ግን ታደርሰኛለች ወይ?»

ሻጩ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ምክንያቱም የኤሌክትሪክ መኪናን ከመቶ ዓመት በፊት ከመንገድ ያስወጣት ይኸው ጥያቄ ነው።

ባትሪ ቀድሞ ነበር

ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና የኛ ዘመን ፈጠራ ይመስለናል። አይደለም። ደጋግሞ ቻርጅ የሚደረገውን የእርሳስ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ካሚል ዤናትዚ የተባለ ቤልጂየማዊ በመኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የነዳት መኪና በባትሪ የምትሠራ ነበረች!

በዚያን ዘመን የቤንዚን መኪና ለማስነሳት ፊት ለፊቷ ቆሞ ማኒቬላ ማዞር ግድ ነበር። ማኒቬላው ወደኋላ ሲመታ ደግሞ ክንድ ይሰብራል። የኤሌክትሪኳ ግን አትጮኽም፣ አታጨስም፣ ማርሽ ቀይሩልኝ አትልም። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ እንኳ፣ ባሏ የቤንዚን መኪና እያመረተ፣ እሷ የምትነዳው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለችውን የባትሪ መኪና ነበር።

ታዲያ ምን ነካት? እ.ኤ.አ. በ1901 ቴክሳስ ውስጥ ከፍተኛ የነዳጅ ክምችት ተገኘ። በ1908 የፎርድ ሞዴል ቲ ወጣች፤ ዋጋዋም ከዓመት ዓመት እየወረደ ሄደ። በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ገጠመ፤ ማኒቬላው ቀረ። ብዙ ጊዜ የሚነገሩት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ ከከተማ ውጭ ሶኬት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ እንኳ ከአሥር የአሜሪካ ገበሬዎች መብራት የነበረው አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና እንግዲህ የከተማ መኪና ነበረች። ከከተማው ጫፍ ስትወጣ ታሪኳ ያልቃል።

የጀሪካን ሒሳብ

እስቲ ሁላችንም የምናውቀውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እናስብ። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይይዛል፤ 20 ሊትር ማለት ወደ 180 ነው። የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን በሙቀት ያባክነዋል። ሩቡን ብቻ ወደ ጎማው አደረሰ ብንል፣ 45 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፈናል።

ይህ እኮ የአጎቴን መኪና ሙሉ ባትሪ ሊያህል ምንም አልቀረውም! ልዩነቱ ባትሪው ከ300 ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን 15 ኪሎ መሆኑ ነው። ጀሪካኑን በአህያ ትጭኑታላችሁ፣ ጎጆ ጥግ ታስቀምጡታላችሁ፣ በሁለት ደቂቃ ትገለብጡታላችሁ። ነዳጅ ይጫናል፤ መብራት ግን አይጫንም።

ወደ አገራችን የመጀመሪያዋ መኪና ስትገባም ነገሩ ይኸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለች የቤንዚን መኪና ይዞ አዲስ አበባ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ እንኳ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ነው። ሶኬት በሌለበት አገር ስለ ባትሪ መኪና ማን ያስባል? ቤንዚን እኛ ጋ የገባው ተወዳድሮ አሸንፎ አይደለም። ተወዳዳሪው ጭራሽ አልመጣም።

ተመልሳ መጣች

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ተቀየሩ። አንደኛው ባትሪው ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ ዋለ። ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ጆን ጉድኢናፍ በ2019 በ97 ዓመታቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ከኖቤል ተሸላሚዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ሙቀትን በደንብ የሚችለው የብረትና የፎስፌት ባትሪም ከእሳቸው ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። እንደ አሶሳ ላለ ሞቃት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ውኃው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 ዓባይን ሲያጠኑ፣ ለግድብ ይሆናሉ ካሏቸው ቦታዎች አንዱ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው ሸለቆ ነበር። የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ እዚያ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ። በየካቲት 2014 የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 13 ተርባይኖች ያሉት፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግድብ ተመረቀ። በመሃሉ መንግሥት በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪኖች የቀረጥና የታክስ ቅናሽ አደረገ፤ በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ነዳጁ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ውኃው ግን የራሳችን።

አጎቴም አማራጭ ስላልነበራቸው ብቻ አይደለም የኤሌክትሪክ መኪና የፈለጉት። ቤንዚን ሲጠፋ ማደያ ተሰልፈው ማደር፣ አልያም ከጥቁር ገበያ በጀሪካን መግዛት ሰልችቷቸዋል። «ግድቡ እኮ ጎረቤቴ ነው» ይላሉ።

ተርባይኑ ሩቅ፣ ሶኬቱ ቅርብ

እውነት ነው፤ ከአሶሳ እስከ ግድቡ ቀጥታ ቢለካ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከተርባይኑ ሽቦ ስቦ መኪና ላይ መሰካት አይቻልም። ከጉባ የሚነሳው ዋናው መስመር 500 ሺህ ቮልት ተሸክሞ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይሄዳል። ይህን ያህል ከፍ የሚደረገው ለምን መሰላችሁ? ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል፤ ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያና በሰፈር ትራንስፎርመር ደረጃ በደረጃ ወርዶ ነው ቤታችን 220 ሆኖ የሚገባው።

ኃይሉስ ይበቃል? እናስላ። 100 ሺህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እያንዳንዳቸው በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄዱና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ቢበሉ፣ በድምሩ 240 ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል። ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ ከታቀደው ከ15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት በላይ ጋር ሲነጻጸር 2 በመቶ አይሞላም። ችግሩ ለካ ተርባይኑ ጋ አይደለም፤ የመጨረሻዋ ሽቦ ላይ ነው።

የአጎቴ መንገድ

አሁን ወደ ጥያቄያቸው። ከአዲስ አበባ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሙሉ ባትሪ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢያስኬድ ነው። «ቁልቁለት ነው እኮ፣ ፍሬን ስትይዝ ትሞላለች ብለኸኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል። ግን አሶሳ ከአዲስ አበባ የምታንሰው በ800 ሜትር ገደማ ነው። 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያን ያህል ስትወርድ፣ ምንም ሳይባክን ቢሰበሰብ እንኳ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይገኛል። ከ23 ኪሎ ሜትር አያልፍም! በዚያ ላይ መንገዱ ዝም ብሎ አይወርድም፤ ዴዴሳ ሸለቆ ገብቶ እንደገና ይወጣል።

ከመንገድ ዳር ተራ ሶኬት 10 አምፔር ቢገኝ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ ባትሪውን ለመሙላት ወደ 23 ሰዓት ይፈጃል። አዳር ሳይሆን ሰፈራ ነው። ደግሞም በዚያ መንገድ ሹፌር ከባትሪው በፊት የሚጠይቀው ስለ ሰላሙ ነው፤ የትም ቆሞ ማደር አይቻልም።

ስለዚህ እውነቱን ነገርኳቸው፦ «ጋሼ፣ አታደርስዎትም። እዚያ ከደረሰች በኋላ ግን ታገለግልዎታለች።» ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ገዟትና በጭነት መኪና ተጭና ሄደች።

አሁን በቀን 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ይነዷታል፤ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት መስጊድ፣ አንዳንዴም እስከ ባምባሲ። ማታ ቻርጅ ይሰኩላታል። ከማደያ ሰልፍ ተገላግለዋል። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ግን ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ ያኔ ወደ ሱቅ የሚሄዱት በባጃጅ ነው፤ ባጃጁ ደግሞ በጀሪካን ቤንዚን።

አያችሁ? መኪናቸው የ2010ዎቹ ባትሪ ይኑራት እንጂ ኑሮዋ የክላራ ፎርድ መኪና ነው፤ የከተማ መኪና። ቤንዚን ከመቶ ዓመት በፊት ያሸነፈው በሞተሩ ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ በተደረደረው ማደያና በየጎጆው በገባው ጀሪካን ነበር። የኤሌክትሪክ መኪናም ከአሶሳ የምትወጣው ነቀምቴ፣ ጊምቢና መንዲ ላይ ፈጣን ቻርጀር ሲቆም፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ሸክሙን ሲችል ነው። ይህ ከግድብ ያነሰ ሥራ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥለትም አይመስለኝም። ግን ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ልትማሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የሚጠብቃችሁ ሥራ እሱ ነው።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ደውለው ነበር። «ነቀምቴ ላይ ቻርጀር ሲተከል ንገረኝ» አሉኝ። «ያን ቀን ራሴ ነድቼ እመጣለሁ።»