«አላመመኝም» ዋስትና አይደለም

በፈረንጆቹ 1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ሲገኝ የስኳር በሽታ የተሸነፈ መስሎ ነበር። በወጣትነታቸው ይቀጠፉ የነበሩ ሰዎች ዕድሜ አገኙ። ዕድሜ ሲረዝም ግን ሌላ መከራ ጎላ፤ የእግር መበስበስ።

የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን በ1934 ስለዚህ አደጋ ጽፎ አስጠነቀቀ። ጆስሊን ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት፣ በ1918፣ ሐኪምና ታካሚ አብረው የሚያነቡት መመሪያ አሳትሟል። እምነቱ ግልጽ ነበር፦ ያልተማረ ታካሚ በመድኃኒት ብቻ አይድንም።

ሁለተኛው ትምህርት ከሥጋ ደዌ መጣ። ፖል ብራንድ ህንድ፣ ቬሎር ውስጥ ሕሙማንን ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ጣትና እግር የሚያሳጣቸው በአብዛኛው ሕመም ስለማይሰማቸው የሚደርስባቸው ጉዳት ነው። ስኳርም ነርቭን ሲያደነዝዝ እንዲሁ ነው። ሚስማር ቢወጋ፣ እሳት ቢለበልብ አይታወቅም።

ስለዚህ ሕመም ያልተናገረውን ዓይን ይናገር። በየቀኑ እግርን መታጠብ፣ በጣቶች መሐል ማድረቅ፣ ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፣ ጫማን ከማጥለቅ በፊት ማራገፍ፣ በባዶ እግር አለመሄድ። ትንሽ ቁስል ከታየ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ።

ይህን ማንም ሳያስተምረው እግሩ የተቆረጠን ሰው «ቸልተኛ» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጆስሊን መጀመሪያ አስተማረ። ጫማ አስወልቆ እግር የማያይ ሐኪምም ከተጠያቂነት አያመልጥም።