ታሪክን በሚዛንና በእግር

አንድ ያረጀ የብር ሳንቲም መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት የሚናገረው ነገር ያለ አይመስልም። ጠርዙ ተበልቷል፤ ምልክቱ ደብዝዟል፤ የማን እንደ ነበር የሚገልጽ ጽሑፍ የለበትም። የጥንቷ ሕንድ የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች እንዲህ ነበሩ። ከብር ጥፍጥፍ ተቆርጠው፣ የፀሐይ፣ የኮረብታ፣ የዛፍና የእንስሳት ቅርጽ በማኅተም ተመትቶባቸው ገበያ ወጡ እንጂ የንጉሥ ስምም ሆነ ዓመተ መንግሥት አልተጻፈባቸውም። ሊቃውንቱም ለረጅም ጊዜ ምልክቶቹን እየተመለከቱ ትርጉማቸውን ለመገመት ሲደክሙ ኖሩ። በ1940ዎቹ መባቻ ግን በምዕራብ ሕንድ፣ በፑኔ ከተማ የሚኖር አንድ የሒሳብ መምህር ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እያነሣ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ጀመረ።

ይህ መምህር ዳሞዳር ዳርማናንዳ ኮሳምቢ ነው። በታሪክ ትምህርት አልተመረቀም፤ የታሪክ መምህርነት ወንበርም አልያዘም። ይሁን እንጂ ስለ ጥንቷ ሕንድ የሚጻፈውን ታሪክ አቅጣጫ ካስለወጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ከሥራው ሁሉ ልቆ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ። ዜና መዋዕል የሚጽፍለት ጸሐፊ ያልነበረው ሕዝብም ታሪኩን መዝግቦ አልፏል። መዝገቡ ያረሰበት ማረሻ፣ የሄደበት መንገድ፣ የተሳለመው ድንጋይና ከእጅ ወደ እጅ ያቀባበለው ገንዘብ ነው። ኮሳምቢ ዕድሜውን የጨረሰው ይህን መዝገብ ማንበብ ሲማርና ሲያስተምር ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመናኙ ልጅ

ኮሳምቢ ጁላይ 31 ቀን 1907 በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ጎዋ ተወለደ። ልጁን ለማወቅ ከአባቱ መነሣት ይገባል። አባቱ ዳርማናንዳ ኮሳምቢ የቡድሃን ትምህርት ከምንጩ ለመቅዳት ሲል ቤቱንና ትዳሩን ትቶ ወጣ። እንደ ቆሎ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር እየተሻገረ ሳንስክሪት ፍለጋ ባናራስ፣ የቡድሂስት መጻሕፍትን ቋንቋ ፓሊን ፍለጋ ደግሞ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) ድረስ ተንከራተተ፤ በሲሎንም መነኮሰ። ኋላ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ በዘመኑ ከነበሩት የፓሊ ሊቃውንት አንዱ ሆኖ ነበርና የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለቡድሂስት መጻሕፍት ሥራ ጠራው። በ1918 ወደዚያ ሲጓዝ ልጁን ዳሞዳርን ይዞት ሄደ።

ልጁ በማሳቹሴትስ ተምሮ በ1929 ከሃርቫርድ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ሒሳብን ከስመ ጥሩው ጆርጅ ዴቪድ ቢርኮፍ ተማረ፤ ከዚያም ጋር ግሪክን፣ ላቲንን፣ ፈረንሳይኛንና ጀርመንኛን ያዘ። ወደ አገሩ ተመልሶ በባናራስ፣ ቀጥሎም በአሊጋር ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከ1933 ጀምሮ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ በፑኔ ፈርግሰን ኮሌጅ ሒሳብ ሲያስተምር ቆየ።

ወደ ታሪክ የገባው በጓሮ በር ነው። ስታቲስቲክስን በተግባር የሚፈትንበት ጉዳይ ሲፈልግ አሮጌ ሳንቲሞችን አገኘ። የሳንቲሞቹን ቅደም ተከተል ሲያገኝ ያስመቷቸው ነገሥታት እነማን እንደ ነበሩ ማወቅ አስፈለገው፤ ይህም የሳንስክሪት መጻሕፍትን እንዲመረምር አስገደደው። መጻሕፍቱን ሲያነብ የጻፏቸው ሰዎች በምን ዓይነት ማኅበረሰብ ውስጥ እንደ ኖሩ ጠየቀ፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ ከቤት አውጥቶ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ዋሻውና ወደ እረኛው መራው። አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየወለደ የሒሳብ መምህሩ የታሪክ ሰው ሆነ።

ሚዛኑ

የሳንቲሙ ነገር ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። የብር ገንዘብ በተነካ፣ በተቆጠረና ከሌላ ገንዘብ ጋር በተፋተገ ቁጥር ከብሩ ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ዘመን ገበያ ላይ የዋለ ሳንቲም አዲስ ከተመታው ይቀልላል። ይህን ማንም ገበያተኛ ያውቃል። ነገር ግን ሳንቲሞቹ ሲመቱም ክብደታቸው እኩል አልነበረምና አንዱን ብቻ መዝኖ ዕድሜውን መናገር አይቻልም። በብዛት ተመዝነው፣ በየምልክታቸው ተከፍለው፣ የየክፍሉ አማካይ ክብደት ሲሰላ ግን የተሰወረው ሥርዓት ብቅ ይላል።

ኮሳምቢ ይህን ከመናገሩ በፊት በራሱ ዘመን ገንዘብ ላይ ፈተነው። የተመቱበት ዓመት የተጻፈባቸውን፣ በወቅቱ ገበያ ላይ ይዘዋወሩ የነበሩ ሳንቲሞች ሰብስቦ መዘነ። ውጤቱ ግልጽ ሆነ፤ ዓመቱ በገፋ ቁጥር አማካይ ክብደቱ ይወርዳል፣ በአንዱና በሌላው ሳንቲም መካከል ያለው ልዩነትም ይሰፋል። መንገዱ እንደሚሠራ ካረጋገጠ በኋላ ወደ ጥንቶቹ ተመለሰ።

በዛሬዋ ፓኪስታን በምትገኘው ታክሲላ በ1924 ከሺህ በላይ የብር ሳንቲሞች በአንድ ላይ ተቀብረው ተገኝተው ነበር። ከመካከላቸው ብዙም ያልተነኩ ሁለት የታላቁ እስክንድርና አንድ የወንድሙ የፊሊጶስ አሪዳዮስ ሳንቲሞች ነበሩ። ስለዚህ ሀብቱ የተቀበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ መሆኑ ታወቀ። ኮሳምቢ እነዚህን ሳንቲሞች ሲመዝን፣ በጀርባቸው ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች በበዙ ቁጥር ክብደታቸው እየቀነሰ መሄዱን አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ ጥቃቅኖቹ ምልክቶች ሳንቲሙ በየጊዜው ሲመረመር የተመቱ መሆን አለባቸው አለ። የንጉሥ ሥራ ተደርጎ ብቻ ይታሰብ የነበረው ገንዘብ የነጋዴውንና የመርማሪውን እጅ ማሳየት ጀመረ። የተበላው ብር ራሱ ምስክር ሆነ።

የሕንድ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ የት ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር በእኛም አገር አለ። በትግራይ ደብረ ዳሞ በ1940 ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕተ ዓመታት ሰሜን ሕንድን የገዙ ናቸው። ከዚያ ተነሥቶ እዚህ ለደረሰው ወርቅ የጉዞ ማስታወሻ የጻፈለት የለም፤ የጉዞው ምስክር ወርቁ ራሱ ነው።

እግሩ

ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኮሳምቢ በፊዚክስ ሊቁ በሆሚ ባባ ጥሪ በቦምቤይ የታታ መሠረታዊ ምርምር ተቋም ሠራ። መኖሪያውን ግን ከፑኔ አላነሣም፤ ዴካን ክዊን በሚባለው ባቡር ይመላለስ ነበር። ሐዲዱ የሚያቋርጠው ተራራማ አገር ከ2000 ዓመት በፊት የሲራራ ነጋዴዎች ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው የሚወጡበት መተላለፊያ ነበር። በዚያው መስመር ካርላ፣ ብሃጃና ቤድሴ የሚባሉ፣ ከአለት የተፈለፈሉ የቡድሂስት ገዳማት ይገኛሉ።

ኮሳምቢ በትሩን ይዞ ይህን አገር በእግሩ አዳረሰው። በካርላ ታላቁ አዳራሽ የለጋሾች ስም በአለቱ ላይ ተቀርጿል። የሽቶ ነጋዴ አለ፤ አናጢ አለ፤ ከምዕራብ የመጡ ባዕዳንም አሉ። መነኮሳቱ ከዓለም የራቁ ቢሆኑም ገዳማቸው የቆመው በነጋዴው መንገድ ላይ፣ በነጋዴውም ገንዘብ ነው። ከዚያው አዳራሽ ደጃፍ አጠገብ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ ኮሊዎች ከባሕር ዳር ድረስ እየመጡ የሚሳሏት የአንዲት እንስት አምላክ መቅደስ አለ። የቡድሃ መነኮሳት ከስፍራው ከጠፉ ብዙ ምዕት ዓመታት አልፈዋል፤ የእሷ ተሳላሚ ግን ዛሬም አልቀረም።

ይህ የአምልኮ ጽናት እንቅልፍ ነሣው፤ ፈለጉንም በመጽሐፍ አገኘ። በጥንታዊው የሳንስክሪት ተውኔት በ«ምሪቻካቲካ» ቻሩዳታ የተባለው ባለታሪክ ወዳጁን በምሽት ወደ መስቀለኛ መንገድ ሄዶ «እናቶች» ለሚባሉት እንስት አማልክት መሥዋዕት እንዲያኖር ይልከዋል። ለምን ከቤተ መቅደስ ይልቅ መስቀለኛ መንገድ? ሌላው አንባቢ ገጹን ገልብጦ ባለፈ ነበር፤ ኮሳምቢ ግን መልሱን ፍለጋ ወጣ። በፑኔ ዙሪያ በየመንገዱ መገናኛ ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ መልክ ያልተቀረጸላቸው፣ መንደርተኛው «እናት» እያለ የሚጠራቸው ድንጋዮች አገኘ። በአካባቢያቸው መሬቱን ሲፈትሽ በቅድመ ታሪክ ሰዎች እጅ የተፈለጡ ጥቃቅን የባልጩት ስለቶች ተበትነው አየ። መንጋቸውን እየነዱ ከወቅት ወደ ወቅት የሚዘዋወሩትን ዳንጋር እረኞች በየት በየት እንደሚሄዱ ጠየቀ። የእረኞቹ መንገድ፣ የባልጩቱ መገኛና የእናቶቹ ድንጋይ ተገጣጠሙ።

የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነው። ማረሻ ከመምጣቱ በፊት አዳኞችና ከብት ነጂዎች በየወቅቱ በእነዚህ መንገዶች ይመላለሱ ነበር። መንገዳቸው በሚገናኝበት ስፍራ ይገበያዩ፣ እናቶቻቸውንም በአንድነት ያመልኩ ነበር። ኋላ የሲራራ ነጋዴው በዚያው መንገድ ተጓዘ፤ ገዳሙ በነጋዴው መንገድ ላይ ተፈለፈለ። እርሻ ተስፋፍቶ መንደሩ ወደ ሸለቆው ሲወርድ የእናቲቱ ድንጋይ ከሰፈር ርቆ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ባላገሩ ግን መሳለሙን አልተወም። አንዲት ሴት ለልጇ ጤና ስትሳል የምትደግመው ሥርዓት ከማንኛውም የአገሪቱ መጽሐፍ ዕድሜ ይበልጥ ይሆናል ማለት ነው።

ማረሻው

እነዚህ ሁሉ ጥናቶች በ1956 በታተመው «የሕንድ ታሪክ ጥናት መግቢያ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ተሰባሰቡ። መጽሐፉ ሁለት የቆዩ ልማዶችን ተጋፈጠ። አንደኛው የቅኝ ገዥዎቹ ነው። ጄምስ ሚል በ1817 ባሳተመው ታሪክ አገሪቱን በሂንዱ፣ በሙስሊምና በእንግሊዝ ዘመን ከፋፍሎ ነበር፤ ይህ አከፋፈል ሕዝቡ የሚታወቀው በገዥዎቹ ሃይማኖት ብቻ እንዲሆን አደረገ። ሁለተኛው የብሔርተኞቹ ነው። የቅኝ ገዥውን ንቀት ለመመለስ ሲሉ የጥንት ነገሥታትን ዘመን «ወርቃማ» ብለው አነገሡት። ኮሳምቢ ለሁለቱም ያቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለመሆኑ ሕዝቡ ምን ይበላ ነበር? በምን መሣሪያ ያመርት ነበር? ያመረተውንስ ማን ይወስድበት ነበር? ለእሱ የንጉሥን ስም ከማወቅ ይልቅ ሕዝቡ ማረሻ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። በበሬ የሚያርስ አገር ለዚህ ማስረጃ አያስፈልገውም። ማረሻ የገባበት መሬት ብዙ ሕዝብ ይቀልባል፤ ሰው በሰፈረበት ይረጋል፤ ጎተራ ይሞላል፤ ከጎተራው ግብር የሚሰበስብ ጌታም ይመጣል።

በዚህ ዓይን ሲታይ በዘር የሚወረሰው የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት፣ ካስትም፣ ሌላ መልክ ይይዛል። እንደ ኮሳምቢ አረዳድ፣ በየጫካው የነበሩ ነገዶች ወደ እርሻው ኅብረተሰብ ሲገቡ አንድ አንድ ካስት እየሆኑ ገቡ። ካህናቱ ብራህማኖች የነገዱን አምላክ አላጠፉትም፤ እንስቷን ለታላቁ አምላክ ዳሯት፣ እንስሳውን መቀመጫው አደረጉት። ነገዱ ከነአምላኩ ተጠቃለለ፤ ቦታው ግን ከሥር ሆነ።

ኮሳምቢ ማርክሲስት ነበር፤ አልደበቀውም። ሆኖም ማርክስ የሕንድ መንደር ዘመን የማይለውጠው ነው ማለቱን አልተቀበለም፤ ጥቅስ እየደጋገሙ ማስረጃ የማይፈልጉ የዘመኑን ካድሬዎችም አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። ንድፈ ሐሳብ ለእሱ እንደ ሚዛኑ መሣሪያ ነበር፤ የሚመዘን ነገር ካልተቀመጠበት ምንም አይናገርም።

የከፈለው ዋጋ

የእውቀቱ ስፋት ያስደንቃል። በ1944 በጂኖች መካከል ያለውን ርቀት ለማስላት ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎችን አመሳክሮ የጥንቱን የሳንስክሪት ባለቅኔ የባርትሪሃሪን ግጥሞች በ1948 አሳትሟል።

የወደቀበትም ጊዜ አለ። በ1959 ዝነኛውን የሒሳብ ጥያቄ፣ የሪማንን መላ ምት፣ እንደ ፈታ አድርጎ ያሳተመው ጽሑፍ ስሕተት ሆኖ ተገኘና በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የነበረውን ክብር ጎዳው። በሰላም ንቅናቄ ውስጥ ይሳተፍ ነበር፤ ድሃ አገር ከኑክሌር ይልቅ በየደጁ የሚገኘውን የፀሐይ ኃይል ብትጠቀም ይሻላል ብሎም ተከራከረ። ይህ አቋም የአገሪቱን የኑክሌር መርሐ ግብር ይመራ ከነበረው ከባባ ጋር የሚያስማማ አልነበረም። በ1962 በተቋሙ የነበረው ውል ሳይታደስ ቀረ።

የታሪክ ድምዳሜዎቹም ሁሉ አልጸኑም። በጥንታዊው የመዝሙር መጽሐፍ በሪግቬዳ ያሉ ተረቶችን ተመርኩዞ አርያኖች የኢንደስን ሸለቆ ግድቦች አፈረሱ ማለቱን የመሬት ቁፋሮ አልደገፈለትም። ስለ ሕንድ ፊውዳሊዝም ያቀረበው ሐሳብ ከእሱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ጥያቄዎቹ ግን ውርስ ሆኑ። የታሪክ ሊቃውንቱ እነ አር ኤስ ሻርማ፣ ሮሚላ ታፓርና ኢርፋን ሃቢብ የየራሳቸውን መንገድ ሲቀዱ እሱ ከጠረገው ተነሥተዋል።

ጁን 29 ቀን 1966፣ 59ኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ወር ሲቀረው፣ በፑኔ አረፈ። ሕንድ ስሙን ለማክበር በ2008 ቴምብር አሳተመችለት።

ኮሳምቢን ታላቅ ያደረገው የእውቀቱ ብዛት ብቻ አይመስለኝም፤ አክብሮቱም ነው። መሃይም የተባለችው ባላገር ድንጋይ ስትቀባ ሲያይ «አጉል እምነት» ብሎ አላለፈም፤ እረኛውንም መንገድ ለመጠየቂያ ብቻ አላቆመውም። ሁለቱም ሌላ ማንም የሌለው ማስረጃ በእጃቸው እንዳለ ያውቅ ነበር። ሃርቫርድ የተማረው ሊቅ አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ «ይህን ማን አስተማራችሁ? ከየት መጣችሁ? ወዴት ትሄዳላችሁ?» እያለ ጠየቀ፤ የነገሩትንም ከነገሥታት ጽሑፍ እኩል አስቀምጦ መዘነው።