በጆሮ የሚነበብ መጽሐፍ፦ መጽሐፍና ተረክ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ አንባቢ የምንለው ማንን ነው? የዘመናችን ልማድ አንባቢን በዓይኑ ይለካዋል። ፊደል የለየ አንባቢ ነው፤ ያልለየ ግን ከመጽሐፍ ዓለም ውጭ የቆመ ተደርጎ ይቈጠራል። በዚህ መለኪያ ብንሄድ የዋግ ደጋ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ መጽሐፍ ኖረ ማለት ይሆንብናል። እኔ የማቀርበው ከዚህ የተለየ ነው። በዋግ መጽሐፍ በጆሮ ይነበብ ነበር፤ ሰሚውም የመጽሐፉ ሙሉ ባለቤት ነበር። ይህን ካልተረዳን ዛሬ ምን እያጣን እንደሆነም አንረዳም።

ከራሳቸው ከመጻሕፍቱ እንነሣ። በግዕዝ የተጻፉ ገድላትንና ድርሳናትን የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፣ የቃል ኪዳኑ በረከት ለጸሐፊው ብቻ አይሰጥም። የጻፈው፣ ያጻፈው፣ ያነበበው፣ የተረጐመው፣ በእምነት የሰማው፣ ሁሉም በየተራ ይጠራሉ። ይህ አቈጣጠር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አንድ የብራና መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየሎች ወይም በጎች ቆዳና የጸሐፊ የወራት ድካም ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ለአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ለደብሩ ሰው ሁሉ ነው። ስንክሳሩ በየዕለቱ ይነበባል፤ ተአምረ ማርያም፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሥርዓት ወዲህ፣ በጉባኤ ፊት ይሰማል፤ ገድል በባለ ገድሉ መታሰቢያ ቀን ይወጣል። ንባቡ ሲያበቃ ምእመኑ መጽሐፉን ይሳለማል። ፊደል ያልቈጠረች እናት ያን ብራና ስትሳለም ከማታውቀው ነገር ጋር አልተገናኘችም፤ ታሪኩን ታውቀዋለች፣ ዓመት በመጣ ቍጥር ሰምታዋለችና።

በዋግ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መጽሐፉ የሚናገረው በግዕዝ ነው፤ መምህሩ የሚተረጕመው በአማርኛ ነው፤ የብዙው ቤት ቋንቋ ደግሞ ኽምጣና፣ ማለትም ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በንባብ ቤት የተቀመጠን አንድ ልጅ እናስብ። ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን ተሻግሮ ዳዊት ይደግማል። የሚደግመው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነውን፣ የሚታረመውም በሌላ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን የሰማውን ለእናቱና ለአያቱ የሚያወጋው በኽምጣና ነው። በዚህ መንገድ አንድ ታሪክ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ምድጃው ዳር ሦስት ቋንቋ ይሻገራል። በየመሻገሪያው የሚቀር ነገር አለ፤ የሚጨመርም አለ። የመጨረሻው ተረክ በማንኛውም ብራና ላይ አይገኝም።

ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መናገሻ ነበረች። የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን የሚቈጥሩት ከዛጔ ነገሥታት ነው፤ የዛጔ መንግሥት በ1270 እ.ኤ.አ. በይኵኖ አምላክ ቢተካም የዋግ ሹም ማዕረግ ከዘመን ዘመን ተሻግሮ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ደርሷል። በዚህ ቤት ላይ ሁለት መጻሕፍት ይነጋገራሉ። አንዱ ክብረ ነገሥት ነው። በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ በግዕዝ ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ ንግሥናን ከሰሎሞን ዘር ጋር ያስራል። በመዝጊያውም መጽሐፉ በዛጔ ዘመን ወደ ግዕዝ ያልተመለሰው እነርሱ ከእስራኤል ወገን ስላልነበሩ ነው የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ሁለተኛው ገድለ ላሊበላ ነው። ሊቃውንት በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ ይገምቱታል። በክብረ ነገሥት ከዘር ውጭ የተደረገው ንጉሥ በዚህኛው ቅዱስ ሆኖ ይቆማል፤ መላእክት ወደ ሰማይ ያወጡታል፤ ከዐለት የሚፈለፍላቸው አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ይታዩታል።

እነዚህን መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው ሙግት ያያል። የዋግ ሰሚ ግን ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ አላገኛቸውም። የሰማው በሰኔ 12፣ በበዓሉ ቀን፣ በማኅበረ ሰቡ መካከል ነው። ገድሉ ስለ ሕፃኑና ስለ ንቦቹ ሲነግር የስሙን ፍቺ ከንብ ጋር ያያይዘዋል፤ የስሙንም ሥር ተመራማሪዎች ወደ አገው ቋንቋ ይወስዱታል። በግዕዝ ዜማ መካከል የራሱን ወገኖች ቋንቋ የሚሰማ ሰው ገድሉን እንደ ሩቅ ታሪክ ሊሰማው አይችልም። የአያቶቹ ነገር ነው። ያው ገጽ ለአንዱ ትምህርት፣ ለሌላው ዘር ቈጠራ ይሆናል።

መጽሐፍ በዚህ ምድር የሥልጣንም ጉዳይ እንደነበር የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ይመሰክራል። በ1868 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር በመቶ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍትን ጭኖ ሄደ። በዚያው ዓመት ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሐምሌ 1871 እ.ኤ.አ.፣ በዓድዋ አቅራቢያ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ተሸነፉ። ካሣ በጥር 1872 አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በዚያው ዓመትም ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም የሚል ነበር ምክንያታቸው። መጽሐፉም ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ከዛጔ ዘር የሚቈጠረውን ንጉሥ በጦር ያሸነፉት ንጉሠ ነገሥት ድሉ ብቻውን አልበቃቸውም፤ ያ ዘር የተገፋበትን መጽሐፍ ፈለጉ። ያን መጽሐፍ በዓይኑ ያነበበው የሕዝቡ ክፍል እጅግ ጥቂት ነበር። ኀይሉ በመሰማቱና በመታመኑ ላይ ነበር።

ገድለ ላሊበላ ግን በለንደን ቀረ። በዚያ የሚገኘውን ብራና መሠረት አድርጎ ፈረንሳዊው ፔሩሾን በ1892 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከትርጕም ጋር አሳተመው። ለምርምር ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም በዚህ ጊዜ ገድሉ አዲስ ዐይነት አንባቢ አገኘ፦ ብቻውን፣ በዝምታ፣ ያለ በዓልና ያለ ማኅበር የሚያነብ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1880ዎቹ፣ ሊዮ ራይኒሽ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ የኽምጣናን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ቪየና ላይ አሳትሞ ነበር። እንግዲህ የዋግ መጽሐፍ በአንድ በኩል፣ የዋግ ቋንቋ በሌላ በኩል፣ ለየብቻቸው በአውሮፓ ወረቀት ላይ ሰፈሩ። ሁለቱን አንድ ያደርግ የነበረው፣ ማለትም መጽሐፉን ሰምቶ በኽምጣና የሚተርከው ሰው፣ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ዛሬ ላይ ይህ ክፍተት የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን ከመጥፋት አድኗል። ኽምጣናም በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በዋግ ኽምራ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። ሁለቱም የሚያስደስቱ ናቸው። ነገር ግን ብራናው ፎቶ ሲነሣ ድምፁ አይነሣም። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ዋግን ክፉኛ መታው፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነት ሰቆጣ ድረስ ገባ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተሸሸገ መጽሐፍ ከዋሻ ሊወጣ ይችላል። በስደት መንገድ የሞተች ተራኪ አያት ግን ቅጂ የላትም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምለው ይህን ነው። ለጥናት ወደ ዋግ ስትወርዱ የመጽሐፉን ገጽ ከመቍጠራችሁ ጋር ሰሚዎቹን ጠይቁ፦ በየትኛው ቀን ትሰሙታላችሁ? ማን ይተረጕምላችኋል? ቤት ስትገቡ ለልጆቻችሁ በምን ቋንቋ፣ እንዴት አድርጋችሁ ትነግሯቸዋላችሁ? መልሱን በኽምጣና ቅዱት፤ በኽምጣናም ጻፉት። የቀድሞዎቹ ጸሐፍት በበረከቱ ዝርዝር ውስጥ ለሰሚው ቦታ ሰጥተውታል። እኛም በታሪክ ጽሑፋችን ውስጥ ያንኑ ቦታ ልንነሣው አይገባም።