«ቀይሩኝ» የሚል ብሩሽ

ብዙዎቻችን የጥርስ ብሩሽ መቼ እንደምንቀይር ብንጠየቅ መልሳችን አንድ ነው፤ «ሲያልቅ!» መቼ ነው ታዲያ የሚያልቀው? ሳሙና ሲያልቅ ይጠፋል። የጥርስ ሳሙና ሲያልቅ ቱቦው ይጨማደዳል። ብሩሽ ግን ከዓመት በኋላም እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀናል። ይህች ትንሽ ጥያቄ የምታስቅ ብትመስልም ከጀርባዋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለ። እስቲ ዛሬ እሱን እናውጋ።

የዘመናዊው ብሩሽ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከእንግሊዛዊው ዊልያም አዲስ ነው። (ስሙ ከእኛው «አዲስ» ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው።) እንደሚተረከው ሰውየው እስር ቤት ሳለ አጥንት በስቶ፣ የእንስሳ ፀጉር ሰክቶ ብሩሽ ሠራ፤ ከተፈታ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ ንግዱን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የአውሮፓና የአሜሪካ ብሩሾች ዋና ጥሬ ዕቃ የአሳማ ፀጉር ነበር፤ እሱም በአብዛኛው ከሳይቤሪያና ከቻይና ይመጣ ነበር።

የአሳማ ፀጉር ጣጣው ብዙ ነው። ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ለባክቴሪያ ይመቻል፣ እየተነቀለም አፍ ውስጥ ይቀራል። አንድ በጎ ነገር ግን ነበረው፤ ማለቁን አይደብቅም። በዚህ ረገድ የእኛው መፋቂያም እንዲሁ ነው። ጫፉ ሲላላ ቆረጥ አድርገን አዲስ ጫፍ እናኝካለን፤ ሲያጥር ወይም ሲደርቅ እንጥለዋለን። መፋቂያ መቼ እንደሚጣል ማንም አስተምሮን አያውቅም፤ እንጨቱ ራሱ ይናገራላ!

ዝምታው የመጣው ከናይለን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስና ባልደረቦቹ ናይለንን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ የናይለን ፀጉር ያለው የመጀመሪያው ብሩሽ «የዶክተር ዌስት ተአምረኛ ብሩሽ» በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። የናይለን ስቶኪንግ ገበያውን ያጥለቀለቀው እንኳ ከዚያ በኋላ ነው። ናይለን ቶሎ ይደርቃል፣ በቀላሉ አይነቀልም፣ አይበሰብስም። ያረጃል ግን። በፍትጊያ ብዛት ጫፉ ይጎብጣል፣ ይንጨባረራል፣ በጥርስና በድድ መካከል መግባት ያቅተዋል። የሚያረጀው ቀስ በቀስ ስለሆነ ደግሞ በየቀኑ የሚያየው ዓይን ለውጡን አያስተውለውም። እንዲህ ሆነና ብሩሹ ሲሻሻል ምልክቱ ጠፋ።

የጥርስ ሐኪሞች ክፍተቱን በቀን መቁጠሪያ ሊሞሉት ሞከሩ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ብሩሽ በየ3 እና 4 ወሩ፣ ፀጉሩ ከተንጨባረረ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይቀየር ይላል። ምክሩ ደህና ነው፤ ግን ብሩሽ የገዛበትን ቀን የሚመዘግብ ማን አለ?

መልሱ የመጣው ከኦራል-ቢ ነው። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1984 የገዛው ምላጭ ሠሪው ጂሌት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) «ኢንዲኬተር» የተባለው ብሩሽ ወጣ። ከነጩ ፀጉር መካከል ጥቂቱ ሰማያዊ ነው። ብልሃቱ ያለው ማቅለሚያው ላይ ነው። ቀለሙ የሚነካው የፀጉሩን የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ወደ መሐሉ አይዘልቅም። ውሃና ፍትጊያ ሲደጋገምበት ቀለሙ ከጫፉ ጀምሮ እየለቀቀ ይሄዳል። ግማሽ ድረስ ሲነጣ ብሩሹ «ቀይሩኝ» አለ ማለት ነው። ባትሪ የለ፣ ማሽን የለ። ጂሌት ቆየት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ማክ 3 የተባለውን ምላጩን ሲያወጣም እየደበዘዘ የሚሄድ ሰማያዊ ጭረት አድርጎበታል።

እዚህ ላይ ነው ቆም ብለን ማሰብ ያለብን። «አልቋል፣ ሌላ ግዙ» የሚለን ምልክት የተሠራው ሌላውን በሚሸጥልን ድርጅት ነው። ለመጣል ቀነ ቀጠሮ ቢያሳጥር የሚያተርፈው እሱ ነው። ይህን ስንል ግን ምልክቱ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ያለ ምልክት ብሩሹን ዓመት ሙሉ ለሚይዝ ሰው ሰማያዊዋ ፀጉር ትልቅ ውለታ ናት። ችግሩ የምትመሰክረው ነገር ላይ ነው። ቀለሟ ብሩሹ ምን ያህል ውሃና ፍትጊያ እንደቀመሰ እንጂ ፀጉሩ መጉበጥ አለመጉበጡን አይናገርም። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ዳሰስ አድርጎ ይቦርሻል፤ ሌላው ድስት እንደሚፈገፍግ ሰው ይጫናል። የሁለተኛው ብሩሽ ቀለሙ ሳይለቅ ሊንጨባረር ይችላል።

ዛሬ ሰማያዊዋ ፀጉር በብዙ ብሩሾች ላይ አለች፤ የሌለባቸው ርካሽ ብሩሾችም ሞልተዋል። ባለ ሰማያዊውን የያዘ ቀለሙን ይይ፤ ያልያዘም አልጎደለበትም። ነገ ጠዋት ብሩሻችንን ከመንከራችን በፊት ከጀርባው በኩል ወደ ብርሃን አቅንተን እንመልከተው። ፀጉሩ ከጭንቅላቱ ጠርዝ ወደ ውጭ ተንጨባሮ ከታየን፣ ቀለሙ የፈለገውን ቢል፣ ወሩም ገና ቢሆን፣ አልቋል። መፋቂያውን ጫፉን አይተን የምንቆርጥ ሰዎች ይህ አያቅተንም።